«ማን» የሌለበት ጠርሙስ

መቼም ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም። በቅርቡ ከፈረንሳይ የመጡ የጓደኛችን አጎት ሻንጣቸውን ከፍተው ቸኮሌቱን፣ ሽቶውን፣ ሁለቱን ሹራብ ካደሉ በኋላ በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጡና ጠረጴዛው መሀል አቆሙት። «ይሄ ዝም ተብሎ የሚጨለጥ አይደለም» አሉን። «በበርሜል ያረጀ ሮም ነው። ቀስ እያላችሁ።» አምስት ሆነን ከበብነው። ከአምስታችን ሦስታችን የጋዜጠኝነት ምሩቆች ነን። የጋዜጠኝነት ምሩቅ ደግሞ ጠርሙስ ሲያቀርቡለት ከመቅዳቱ በፊት ጽሑፉን ያነባል። (ሥራ ስለፈታችሁ ነው የሚሉን አሉ። እነሱም አልተሳሳቱም።)

«ኮምፓኚ ዴዛንድ» ይላል። «የሕንድ ኩባንያ» እንደማለት ነው። ከሥሩ «ካራይብ» የሚል አለ፤ ከተለያዩ የካሪቢያን አገሮች የመጣ ሮም ተደባልቆ የታሸገበት ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ኩባንያው የምን ኩባንያ ነው?» አልናቸው።

«የድሮ ነዋ፣ የነገሥታቱ ጊዜ። ቅመም፣ ሐር፣ ሻይ በመርከብ ያመጣ የነበረ። እነዚህኞቹ ስሙን ለመታሰቢያ ወስደውት ነው። ኧረ ልጆች ጠጡ፣ ጥያቄው ይደርሳል!»

ጠጣን። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጣል። የተቃጠለ ስኳር፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ትንሽ የእንጨት ሽታ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከመጠጡ ጋር ጠብ ስላለን አይደለም። ጠባችን ከስሙ ጋር ነው፤ ይልቁንም ስሙ ሳይነግረን ካለፈው ነገር ጋር።

ጋዜጠኝነት የተማረ ሁሉ የሚያውቃቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ። ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት? ይህን ጠርሙስ ያሸገውን ድርጅት በእነዚህ ብንመዝነው ከብዙዎቹ እኩዮቹ ይሻላል። የተቋቋመው በ2014 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ከጥንቱ ኩባንያ ጋር ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም። በግልጽነቱም ሮም አዋቂዎች ያመሰግኑታል። ከአንድ በርሜል ብቻ ቀድቶ በሚያሽጋቸው ጠርሙሶቹ ላይ አገሩን፣ አረቄው የወጣበትን ቤት፣ የወጣበትንና የታሸገበትን ጊዜ፣ የበርሜሉን ቁጥር ሳይቀር ይጽፋል። የበርሜል ቁጥር! እኛ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ቁጥራችንን እንኳን እንዲህ አናውቀውም።

ታዲያ ምን ጎደለ? «ማን» ጎደለ።

«የነገሥታቱ ጊዜ» ያሉት ልክ ነው። ኩባንያውን በ1664 ያቋቋመው የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር ነው። ሐሳቡ ሆላንዶችና እንግሊዞች ከምሥራቁ ንግድ የሚዝቁትን ሀብት መሻማት ነበር። ብሪታኒ ውስጥ ያለችው ሎሪያን ከተማ ከዚሁ ኩባንያ የመርከብ መሥሪያ የበቀለች ናት፤ ስሟም «ምሥራቅ» ማለት ነው። ቅመሙ እውነት ነው፣ ሐሩ እውነት ነው፣ የሕንዱ ጥጥና የቻይናው ሸክላም እውነት ነው። ጋሼ አልዋሹንም። ከጭነቱ ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ ነገር ተዘሏል።

በ1719 ጆን ሎ የሚባል ስኮትላንዳዊ የገንዘብ አስማተኛ የፈረንሳይን የባሕር ማዶ ኩባንያዎች ጨፍልቆ አንድ አደረጋቸው። (ሰውዬው በዓመቱ አክሲዮኑ ተንኮታኩቶ ከአገር የሸሸ ነው። ፊልም ይወጣዋል።) ከተጠቀለሉት ውስጥ አንዱ የሴኔጋል ኩባንያ ነበር። በእሱም በኩል ሴን ሉዊና ጎሬ ላይ ይካሄድ የነበረው የሰው ንግድ ወደ አዲሱ ኩባንያ እጅ ገባ። በዚያው ዓመት አፍሪካውያንን የጫኑ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ሉዊዚያና ደረሱ። ኩባንያው ከንጉሡ የተቀበለው ፈቃድ ሰው ገዝቶ የመሸጥ ፈቃድም ነበር ማለት ነው። ደብተር አለው፣ ሒሳብ ሹም አለው፣ ዋጋ አለው።

በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ደግሞ ቡርቦን የምትባል ደሴት ነበረች፤ የዛሬዋ ሬዩኒየን። ኩባንያው ደሴቷን እንደ ግል ርስቱ ያስተዳድራት ነበር። ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ ጠረፍና ከሕንድ ሰዎችን አምጥቶ ለባለ እርሻዎቹ ይሸጣል። በ1685 ለካሪቢያን ደሴቶች የወጣው «ጥቁር ሕግ» አምሳያው በ1723 ለቡርቦንና ለጎረቤቷ ደሴት፣ ለዛሬዋ ሞሪሺየስ፣ ወጣላቸው። የ1685ቱ ሕግ አንድ ወር ሙሉ የጠፋ ባሪያ ሲያዝ ጆሮው ይቆረጥ፣ ትከሻው ላይም በጋለ ብረት የአበባ ምልክት ይተኮስበት ይላል። አበባዋ የፈረንሳይ ነገሥታት ዓርማ የሆነችው ሊሊ ናት። ሁለተኛ ከጠፋ የጉልበቱ ጅማት ይቆረጣል፣ ሌላኛው ትከሻውም ይተኮሳል። ሦስተኛ ሞት ነው።

አሁን የኩባንያውን ዓርማ እንይ። ይኸው የሊሊ አበባ አለበት። መፈክሩም በላቲን ሲሆን «በተወሰድኩበት ሁሉ አብባለሁ» እንደማለት ነው። እኛ ይህን ባነበብንበት ሌሊት ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። የተወሰዱት እኮ ሰዎቹ ናቸው። አበባዋም ያበበችው እነሱ ትከሻ ላይ ነው።

«ኧረ እናንተ ልጆች፣ ይሄ የሦስት መቶ ዓመት ነገር ነው። የካሪቢያን ጣጣ ለአዲስ አበባ ልጅ ምኑ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ከአምስታችንም አንዱ እዚያው ቁጭ ብሎ ብሎናል። መልስ አለን፤ መልሱም እያንዳንዳችሁ ቤት፣ ጀበናው ውስጥ አለ።

በ1715 የዚሁ የፈረንሳይ ኩባንያ ሰዎች ከየመኑ የሞካ ወደብ የቡና ችግኝ ጭነው ቡርቦን ደሴት ላይ ተከሉ። ሞካ ላይ የነበረው ቡና ደግሞ ከየት ተሻግሮ እንደሄደ ለዚህ ገጽ አንባቢ አንነግርም፤ ስድብ ይሆናል። ቡናው ቡርቦን ላይ ተስማማው። ኩባንያውም ነዋሪዎቹ ሌላውን ትተው ቡና እንዲተክሉ አስገደደ፣ ምርቱን ለራሱ ብቻ እንዲሸጡ አደረገ። ቡና ሲበዛ የሚለቅም እጅ አስፈለገ፤ እጅ ሲያስፈልግ መርከቦቹ ወደ ማዳጋስካርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተመላለሱ። በ1723 «ጥቁር ሕግ» የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከታወቁት የቡና ዝርያዎች አንዱ «ቡርቦን» ይባላል። ከኛ ጫካ የወጣ ዘር፣ በባሮች እጅ የለማ ማሳ፣ በመጨረሻ ግን የተጠራው በንጉሥ ቤተሰብ ስም ነው። (እግረ መንገዳችንን፣ የካሪቢያን ሮም የሚያረጅባቸው አብዛኞቹ በርሜሎች መጀመሪያ የአሜሪካ ቡርቦን ውስኪ የነበረባቸው ናቸው። የዚያም ስም ዞሮ ዞሮ ከዚሁ ቤተሰብ የመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን ያላሳረፉበት ነገር የለም።)

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። የጠርሙስን ስም ግን የሚያወጣው የማርኬቲንግ ክፍሉ ነው፤ የማርኬቲንግ ክፍልም ያለ ምክንያት ስም አያወጣም። «ስም ብቻ እኮ ነው» የሚለው መከራከሪያ ኢትዮጵያዊ አፍ ላይ ሲገኝ ደግሞ በጣም ይገርመናል። መንግሥታችን በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የተከራከረው ስለ ምን ነበር? ስለ ስም ነው! የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስ ጋር የተደረገው እሰጥ አገባ በዓለም ጋዜጦች ወጣ፣ በ2007 በስምምነት አለቀ። ያኔ መላው አገር የተረዳው አንድ ነገር ነበር። ገበሬው የሚሸጠው ፍሬውን ነው፤ ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው ስሙ ላይ ነው። ስም ገንዘብ ከሆነ ደግሞ «የሕንድ ኩባንያ» የሚለውም ስም ገንዘብ ነው። የሚሸጠው ሕልም ነው፤ የተወጠረ ሸራ፣ የቅመም ሽታ፣ ሩቅ ወደብ። ከሕልሙ ውስጥ የመርከቡ ምድር ቤት ተቆርጦ ወጥቷል። ምድር ቤቱን ይዞ ሕልሙ አይሸጥማ።

ሌላም እናስታውሳችሁ። በጥር 2021 ላ ሞሊሳና የተባለው የጣልያን ፓስታ አምራች «አቢሲኔ» የሚባል ፓስታውን ይዞ ጉድ ፈላበት። «ሐበሾች» እንደማለት ነው፤ ስሙ ጣልያን አገራችንን በወረረችበት በ1930ዎቹ ከነበረው የድል ፉከራ የተወረሰ። «ትሪፖሊኔ» የሚባለውን ደግሞ ድረ ገጹ የቅኝ ግዛት ጣዕም ያለው አድርጎ ገልጾት ተገኘ። ጣልያኖቹ ራሳቸው ጮኹ፣ ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ «አቢሲኔ»ም ተቀይሮ ዛጎል የሚል ስም ወጣለት። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ እንዴት እንደተንጨረጨርን ታስታውሳላችሁ? በመርዝ ጋዝ ያለቀብን ሕዝብ ስም በቲማቲም ስጎ! «ፓስታ ብቻ እኮ ነው» ያለ ሐበሻ አልሰማንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ታዲያ የማርቲኒክ ልጅ፣ የሬዩኒየን ልጅ፣ የጎሬ ልጅ በዚህ ጠርሙስ ፊት ምን እንዲሰማው ነው የምንጠብቀው? ለኛ ሲሆን ቁስል፣ ለሌላው ሲሆን ማስታወቂያ?

እዚህ ላይ ስንደርስ ብዙው ሰው «በቃ ስሙን ይቀይሩት» ይላል። ቀላል ነው። ጭብጨባም አለው። እኛ ግን እዚህ ላይ ነው ከብዙው ሰው ጋር የምንለያየው።

ስም የቀየረ አለና እሱን እንይ። ሜዞን ፌራን የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት «ፕላንቴሽን» በሚል ስም የካሪቢያን ሮሞችን እየደባለቀ ለዓመታት ሸጧል። ፕላንቴሽን ማለት ባሪያ ያለማው የቅኝ ግዛት እርሻ ማለት እንደሆነ የካሪቢያን ሰው ሳይነገረው ያውቃል። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ ዓለም ሲናወጥ ድርጅቱ ስሙን እንደሚለውጥ ቃል ገባ። በ2023 አዲሱን ስም አሳወቀ፤ «ፕላንተሬይ»። የሸንኮራው ተክልና የፀሐይ ጨረር ተቀላቅለው ነው ይላሉ። ፊደል ቆጥረን አየነው፤ ከአሮጌው ስም የመጀመሪያዎቹ አምስት የላቲን ፊደሎች በቦታቸው አሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ደንበኛው ጠርሙሱን እንዳያጣው መሆን አለበት። መቀየሩን አንነቅፍም፤ ቃል ገብቶ ዝም ካለ ይሻላል። ግን ከስሙ ጋር ምን ተቀየረ?

ለዚህ መልስ በርሜሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ትንሽ ታገሡን።

ሮም የሸንኮራ አረቄ ነው። ስኳር ተመርቶ ሲያበቃ የሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ሞላሰስ የሚባለው (ወንጂ ያደገች ጓደኛችን ሽታውን ከሩቅ ትለየዋለች)፣ ከውኃና ከእርሾ ጋር ይብላላና ልክ እንደ ካቲካላ በእሳት ይወጣል። ሲወጣ እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ ጉሮሮም ይቧጥጣል። ቀለሙን፣ ልስላሴውን፣ ከሁሉም በላይ ዋጋውን የሚያገኘው የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ነው። ተኝቶ ሳለ በእንጨቱ ቀዳዳ ይተንናል። የሚተነውን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። ካሪቢያን ሙቀት ውስጥ መላእክቱ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ ይወስዳሉ፤ አውሮፓ ብርድ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ባርቤዶስ ላይ ማስረጀት ውድ ነው፣ በዚያው ልክ ግን ቶሎ ይበስላል። አውሮፓ ላይ ርካሽና ቀስ ያለ ነው።

የዚህን ዓይነት ድብልቅ ሮም የተለመደ ጉዞ ልንገራችሁ። ከሁለት ከሦስት ደሴት በጅምላ ይገዛል፣ በታንከር ተጭኖ አምስተርዳምን ወደ መሳሰሉ ወደቦች ይሄዳል፣ እዚያ ይደባለቃል፣ እዚያ በርሜል ይገባል ወይም የጀመረውን እርጅና ይጨርሳል፣ እዚያ ይታሸጋል፣ የአውሮፓ ስም ይወጣለታል። ሜዞን ፌራን ራሱ ሮሙን ካሪቢያን ላይ ካስጀመረ በኋላ ፈረንሳይ ወስዶ በኮኛክ በርሜል መጨረሱን እንደ መለያው ነው የሚያስተዋውቀው። ጣዕም ነው ይላል፤ ጣዕምም ሊሆን ይችላል። ግን ሒሳቡን እዩት። ደሴቷ ላይ የሚቀረው የጥሬ አረቄ ዋጋ ነው። የበርሜሉ፣ የዓመታቱ፣ የብርጭቆው፣ የስሙ፣ የማስታወቂያው ገንዘብ ሌላ አገር ነው።

በ1684 ፈረንሳይ ደሴቶቿ ላይ አዲስ የስኳር ማጣሪያ እንዳይተከል ከልክላ ነበር። ጥሬ ስኳሩ ከዚያ ይምጣ፣ ነጩ እዚህ ይሠራ ነው ነገሩ። ኩባንያው ሞቷል፤ አሠራሩ ግን አልሞተም የምንለው ለዚህ ነው። ዛሬ የሚከለክል አዋጅ የለም፤ አዋጅም አያስፈልግም፤ ገበያው ራሱ መንገዱን ለምዶታል።

ይህ የኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ባርቤዶስ ላይ ለዓመታት የዘለቀ ክርክር አለ። ከደሴቷ አራት የሮም ቤቶች ሦስቱ፣ ማውንት ጌይ፣ ፎርስኩዌርና ሴንት ኒኮላስ አቢ፣ «የባርቤዶስ ሮም» ተብሎ የሚጠራው ባርቤዶስ ውስጥ ያረጀ ብቻ እንዲሆን በሕግ ይጻፍልን ይላሉ። አራተኛውን ቤት በ2017 የገዛው ሜዞን ፌራን ነው፤ የሚቃወመውም እሱ ነው። (ነገሩ ነጭና ጥቁር ብቻ እንዳይመስለን፣ ማውንት ጌይም ባለቤቱ የፈረንሳይ ድርጅት ነው። እርጅናው እዚያው ይሁን ካሉት ጋር ግን ቆሟል።) ስለዚህ ስሙን ከ«ፕላንቴሽን» ወደ «ፕላንተሬይ» ያዞረው ድርጅት በርሜሉን ግን ወደ ባርቤዶስ ለማዞር ፈቃደኛ አልሆነም። ስሙ ርካሽ ነበር፤ በርሜሉ ውድ ነው።

ታሪክ ይህን ቀልድ አንድ ጊዜ ቀልዶታል። ቡርቦን ደሴት ስሟ በ1793 ተቀይሯል። የፈረንሳይ አብዮት ንጉሡን ሲገድል የንጉሡ ስም ከደሴቷ ላይ ተፋቀና «ሬዩኒየን» ተባለች። ባሮቹስ? ባሮቹ እንዳሉ ቀሩ። በዓመቱ ፓሪስ ባርነት ቀርቷል ብላ ስታውጅ እንኳ የደሴቷ ባለ እርሻዎች አዋጁን አላስገቡም አሉ። ከ60,000 በላይ ሰዎች ነፃ የወጡት ታኅሣሥ 20 ቀን 1848 ነው። በአዲሱ ስምና በነፃነቱ መካከል 55 ዓመት አለ። ልጅ ተወልዶ፣ በሸንኮራው መሀል አድጎና አርጅቶ የሚሞትበት ዘመን ነው።

እንግዲህ የቡና አገር ልጅ ይህን ሁሉ አንብቦ የራሱን ፊት ካላየ ዓይኑን ይታከም። ጥሬውን በጆንያ እንልካለን፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ስም ወጥቶለት በሌላ ዋጋ ይሸጣል። የባርቤዶስ ሰው «እዚሁ ይርጅ» ሲል የሚናገረው የኛን ቋንቋ ነው፤ እኛ «እዚሁ ይቆላ» እንላለን። ለዚህ ነው የካሪቢያን ጣጣ የኛም ጣጣ የሆነው። ዘመድነቱ በቆዳ ብቻ አይደለም፣ በደረሰኝም ነው።

አንድ አንባቢ እዚህ ላይ እጁን ሲያወጣ ይታየናል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሊለን ነው። ተቀብለናል። አገራችን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል በሆነችበት በ1923 ባርነትን አጠፋለሁ ብላ ቃል ገብታ፣ በሕግ ጨርሳ የሻረችው በ1942 ነው። የዛሬ አያቶቻችን ከመወለዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወይም በልጅነታቸው ማለት ነው። ገበያ ወጥተው የተሸጡት ሰዎች ዘሮች ዛሬም አብረውን ታክሲ ይሳፈራሉ፤ ቃሉንም ጭምር ዛሬም እንደ ስድብ፣ ይባስ ብሎም እንደ ቁልምጫ፣ ካፌ ቁጭ ብለን እንወረውረዋለን። አንበሳና ዘውድ የተሳለበት የጠጅ ጠርሙስ ስናይ «ወይ የጥንቱ ክብር» እንላለን እንጂ በዚያ ግብር ቤት ጠጁን ማን ጣለው፣ ውኃውን ማን ቀዳ፣ እንጨቱን ማን ፈለጠ ብለን አንጠይቅም። ስለዚህ «ማን?» የሚለው ጥያቄ ለፈረንጅ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ለኛም ጠርሙስ ይሠራል። ነገር ግን የራሷ ያረረባት ሴት የጎረቤቷም ሲያርር ሽታው አይሸታትም ያለ ማን ነው? እንዲያውም ቶሎ የሚሸታት ለእሷ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትሉት? ጠርሙሱን እንስበር አላልንም፤ አምስታችንም ጠጥተናል። ስሙንም አንፋቀው። ስሙ ከተፋቀ የኩባንያው ወንጀል አብሮ ይፋቃል፤ ያኔ ለኛ ቢጤ ነገረኛ ምራቁን የሚያስውጥ ትንሽ ቃል እንኳን አይተርፍም። ይልቅ ስሙን የተሸከመ ዕዳውንም ይሸከም ነው የምንለው። የበርሜል ቁጥር መጻፍ የሚችል መለያ ወረቀት፣ ይህ ኩባንያ ሰው ይሸጥ ነበር የሚል አንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም። ቦታ ጠበበ የሚል ካለ የጣዕሙ መግለጫ ላይ ያለው ቫኒላ ይቀነስ።

ይህን ስንል የማይሆን ነገር እየጠየቅን አይደለም። ኮፐንሃገን ወደብ ላይ ዴንማርክ ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶቿ የምታስመጣውን ስኳርና ሮም ታከማችበት የነበረ አሮጌ መጋዘን አለ። ዴንማርክ ደሴቶቹን በ1917 ለአሜሪካ በ25 ሚሊዮን ዶላር ሸጣቸዋለች፤ ሰዎቹን ማንም ሳይጠይቅ። ከሽያጩ 101 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ሁለት ሴት አርቲስቶች፣ ላ ቮን ቤልና ጃኔት ኤህለርስ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት አስቀመጡ። ቁመቷ 7 ሜትር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ በአንድ እጇ ችቦ፣ በሌላው የሸንኮራ መቁረጫ ይዛለች። ንግሥት ሜሪ ትባላለች፤ በ1878 ሴንት ክሮይ ደሴት ላይ እርሻዎቹን ያቃጠለውን የሠራተኞች አመፅ ከመሩት ሴቶች አንዷ የሆነችው ሜሪ ቶማስ ናት። መጋዘኑን ማንም አላፈረሰውም፣ ስሙንም አልቀየረውም። ከፊቱ «ማን» ተቀመጠችበት እንጂ። (ሐውልቷ የተሠራችው ከቀላል ነገር ስለነበር በ2020 መጨረሻ ማዕበል ጎድቷታል። ለነገሥታቱ ነሐስ፣ ለእሷ ፎም። ይህም ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ደብዳቤ ጀምረናል። አጭር ነው። መጀመሪያ ሮማችሁ ጥሩ ነው ይላል፤ እውነት ስለሆነ። ቀጥሎ ስማችሁን ከወሰዳችሁበት ኩባንያ ታሪክ ውስጥ ሴኔጋልና ቡርቦን የት ገቡ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ድብልቁ ውስጥ ካለው ሮም ስንቱ ዓመት ያለፈው ካሪቢያን ላይ፣ ስንቱ አውሮፓ ላይ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ለምን አይጻፍም ይላል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ለመጻፍ ሁለት ቀን ተከራክረንባታል፤ ከስሙ ከሚገኘው ትርፍ ስሙን በትከሻቸው ለተሸከሙት ሰዎች አገር ምን ያህሉ ይመለሳል የምትለዋን። አንዳችን ድፍረት ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ ድፍረቱ ስሙን መውሰድ ነው አለችው። ገባች።

እንግሊዝኛችን እንደ ነገሩ ነው፣ ፈረንሳይኛችን ደግሞ ከ«ቦንዡር» አያልፍም። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሠላሳ ዓመት ፈረንሳይ ኖረው ስለ ቡርቦን ደሴት ቡና ማንም እንዳልነገራቸው ነገሩን። «እኔ እመልሰዋለሁ» አሉ፤ «ቅዳሜ ኑና አብረን እንቀመጣለን።» ጠርሙሱ ግማሽ ላይ ነው። ቡና ደግሞ እናታችን ያፈሉልናል፤ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደለቀመው፣ በስንት ኪሎው እንደተገዛ ይነግሩናል።